የኤል ኤን ጂ ምርትና ጭነት ለማቀድ፦ ኤክሴል፣ ዝግጁ ሶፍትዌር ወይስ የራስ ሞዴል?

ኤል ኤን ጂ በጣም ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በመጀመሪያ ሥራውን እንየው። ካታር ራስ ላፋን ውስጥ ካሉት ትልልቅ የማምረቻ መስመሮች አንዱ በዓመት 7.8 ሚሊዮን ቶን ፈሳሽ ጋዝ የማምረት አቅም አለው። በቀን 47 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው። 174 ሺህ ሜትር ኩብ የሚጭን መርከብ በየአራት ቀኑ ካልመጣ ታንኩ ይሞላል። ታንክ ሞላ ማለት ምርት ይቀንሳል ማለት ነው። መርከቡ በቀኑ ደርሶ ጭነቱ ካልተዘጋጀ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል። ጅቡቲ ላይ ኮንቴይነር የቆመበት ነጋዴ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ኤክሴልን የሚንቁ አማካሪዎች አሉ። እኔ አልንቅም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የተመረቀውን የካሉብ የፈሳሽ ጋዝ ፋብሪካ ውሰዱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው ተብሏል። በቀን ሲካፈል 300 ሺህ ሊትር አካባቢ ይመጣል፤ ጥቂት ቦቴዎች ይጭኑታል። ለዚህ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ኤክሴል የሚያቅተው ደንበኛና መርከብ ሲበዛ ነው። አንድ ጭነት በሦስት ቀን ሲዘገይ ከኋላው ያሉትን ሁሉ በእጅ ማስተካከል ይመጣል። ፋይሉን የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ፈቃድ ከወጣ ሥራው ቆመ።

ዝግጁ ሶፍትዌር የዓመቱን የጭነት ፕሮግራም፣ የ90 ቀኑን ዝርዝር፣ የጥገና ጊዜንና የወደብ ተራን አንድ ላይ ይይዛል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ከፈቃዱ ክፍያ ይልቅ የማስተካከያው ይብሳል። ውላችሁ ውስጥ ለየት ያለ አንቀጽ ካለ፣ ለምሳሌ ገዢው በብርዱ ወራት ብቻ ተጨማሪ ጭነት የመጠየቅ መብት ካለው፣ ሻጩ «ይቻላል» ይላል። ይቻላል፣ ግን በስንት?

የራስ ሞዴል፣ ማለትም የራሳችሁ ባለሙያዎች የሚሠሩት የስሌት ፕሮግራም፣ ውሉን ልክ እንደተጻፈው ይይዛል። የተሻለውን ዕቅድ አስልቶ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ ሶልቨር የሚባለው፣ በነፃም ይገኛል፤ ሃይግስ አንዱ ነው። ጉሮቢና ሲፕሌክስ የሚከፈልባቸው ናቸው፣ በከባድ ስሌት ላይ ግን ይፈጥናሉ። ሞዴሉን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ከሌሏችሁ ግን አትጀምሩት።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ዕቅድ ሲፈርስ ነው። በጥር 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የካታር ጋዝ መርከቦች በጥቃት ስጋት ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ መዞር ጀመሩ። ወደ አውሮፓ የሚወስደው ጉዞ ከሳምንት በላይ ረዘመ። ተመልሶ ለሚቀጥለው ጭነት ይደርሳል የተባለው መርከብ አይደርስም። በመንገድ የሚተነውም አለ፤ በቀን 0.1 በመቶ ብንል ከ174 ሺህ ሜትር ኩብ 174ቱ ማለት ነው። መርከቡ ለነዳጅ ቢጠቀምበትም ለገዢው የሚደርሰው መጠን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ኤክሴል ቀናት ይፈጃል። ሶልቨሩ ቶሎ መልስ ይሰጣል፣ ግን ካልገደቡት ትንሽ ወጪ ለማትረፍ ብሎ የሠላሳ ጭነት ቀን ያተራምሳል። ቀናቸው የተነገራቸው ገዢዎች ይህን አይታገሡም። ስለዚህ ሞዴሉ የተረጋገጡ ጭነቶችን የሚቆልፍ፣ ለእያንዳንዱ ለውጥም ዋጋ የሚተምን ይሁን። ዝግጁውን የምትገዙ ከሆነም ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ። ስክሪኑ ማማሩ ቆይቶ ይታያል።

አንድ ተርሚናልና ሁለት ሦስት ገዢ ላለው ኤክሴል ይበቃል። ብዙ መርከብ ላለው ግን ጎበዝ ባለሙያ ለሌለው ዝግጁው ይሻላል። ውሉ ውስብስብ ሆኖ ባለሙያ ላለው የራሱ ሞዴል።

ሻጩ ሶፍትዌሩን ሊያሳያችሁ ሲመጣ የራሱን ናሙና ዳታ አትቀበሉ። ያለፈውን ዓመት የራሳችሁን ስጡት፣ መሐል ላይ አንድ መርከብ አውጡበት፣ ጥገናውን በአሥር ቀን አራዝሙበት። ከዚያ ስንት ጭነት እንደተነካ ቁጠሩ።