ካኖን ኢኤፍ 85 ሚሜ ኤፍ 1.8፦ እየተጨዋወቱ ለማንሳት የሚመች ሌንስ

ሰው ካሜራ ሲደቀንበት ትከሻው ይወጠራል፣ ፈገግታውም ከጥርሱ አያልፍም። ጠባዩ ፊቱ ላይ የሚወጣው ጨዋታ ሲይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ይህን ሌንስ ዛሬም የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ከ1.5 ሜትር ላይ ፊትና ደረት ፍሬሙን ይሞላሉ። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ የሚጨዋወቱበት ርቀት ነው። ፊትም በተፈጥሮ ቅርጹ ይወጣል፤ ከ1 ሜትር በታች ሲጠጉ ግን አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል።

425 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ክንድ አያዝልም። ፎከስ የሚያደርገው የዩኤስኤም ሞተሩ ፈጣንና ድምፅ አልባ ነው፤ ጨዋታውን አያቋርጥም።

ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ኤፍ 1.8ን (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም የሚሰፋበትን) ሁልጊዜ በመጠቀም ነው። በ1.5 ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ተነሺው ፊቱን ዞር ሲያደርግ አንዱ ዓይን ይጠራል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ እያወራ ዘንበል ካለ ሁለቱም ያመልጣሉ። ቀዳዳው ጠቦ ኤፍ 4 ላይ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ግድግዳው ከተነሺው 2 ሜትር ከራቀ ጀርባው ያኔም ይለሰልሳል። የፎከስ ነጥቡን ለካሜራው በቀረበው ዓይን ላይ ያኑሩ። በመሃል ነጥብ ፎከስ ይዞ ካሜራውን ማዞር ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ያሸሸዋል።

የእጅ ንቅናቄ ማረጋጊያ የለውም። ቢኖረውም የሚያወራን ከንፈርና የሚወራጭን እጅ አያቆምም፤ ሸተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ አያውርዱ። በመስኮት ብርሃን አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 ወይም 1600 ያድርጉ፤ ትንሽ ሻካራነት ከድብዝዝ ዓይን በብዙ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሰውየው ሳይቀመጥ ይጨርሱ። ከዚያ ስለሚያውቀው ሥራ ይጠይቁት፤ እጁ ራሱ መናገር ይጀምራል። በሳቁ መሃል አይቸኩሉ። ሳቁ አልቆ ፊቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ያለችው አንዲት ሰከንድ ናት የምትፈለገው፤ ብዙ አንሺ ካሜራውን የሚያወርደው ግን ልክ ያኔ ነው።

ጉድለቱ ኤፍ 1.8 ላይ በነጭ ሸሚዝ ጠርዝና በጉትቻ ዙሪያ የሚታየው ሐምራዊ ጥላ ነው፤ ኤፍ 2.8 ላይ በእጅጉ ይቀንሳል። የፀሐይ መከለያው ለብቻው ይሸጣል፤ ፊት ለፊት ብርሃን ካለ ያስፈልጋል። ኤፒኤስ-ሲ (አነስተኛ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ እይታው እንደ 136 ሚሜ ስለሚጠብ ከተነሺው ከ2 ሜትር በላይ ያርቃል። ለጠባብ ክፍል 50 ሚሜ ይግዙ።

ለካኖን መስታወት አልባ ካሜራዎች የተሠራው አዲሱ አርኤፍ 85 ሚሜ ኤፍ 2 ማክሮ ማረጋጊያ አለው፣ እስከ 35 ሴንቲ ሜትርም ያስጠጋል፤ ፎከሱ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ፊት አሮጌውን በአዳፕተር (በማገናኛ) እንመርጣለን። ያገለገለ ሲገዙ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገው በኤፍ 1.8 አምስት ጊዜ ያንሱ። የአምስቱም ፎከስ ወደ አንድ ወገን ካመለጠ የፎከስ ማስተካከያ ባለው ካሜራ ይታረማል፤ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ከሄደ አይግዙት።