ለሽሮ ሜዳዋ ሲስተር፣ ከ«አቤል»

ይህ የምስጋና ጽሁፍ ነው። ጥቆማም ነው። ስሜን አልጽፍም። የሳቸውንም አልጽፍም፤ «ስሜን ካነሳህ እንጣላለን» ብለውኛል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የኤችአይቪ ምክርና ምርመራ ክፍል የሚሠሩ ነርስ ናቸው። እዚያ ደርሳችሁ የምታውቁ ማንን እንደምል ገብቷችኋል።

እኔ የሳሪስ ልጅ ነኝ። ሰፈሬ ጤና ጣቢያ አጥቼ አይደለም። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ታክሲ እየቀያየርኩ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኩ። ካርድ ሳወጣም «አቤል» ብዬ ተመዘገብኩ። ወረፋ ይዤ ተቀመጥኩ። «አቤል!» ተባለ። ዝም። «አቤል!» አሁንም ዝም። በሦስተኛው አጠገቤ የነበሩ እናት በክርናቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ አንተን እኮ ነው» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ ሐዋሳ የጓደኛዬ ሰርግ ነበር። ሚዜ ነበርኩ። እሁድ ማታ ከአንዲት ልጅ ጋር አደርን። ኮንዶም ነበረን፤ ተቀደደ። ኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ስንት ወር እንደከረመ እግዜር ይወቀው። ሙቀትና መታሸት ላስቲኩን እንደሚያሳሳው የተማርኩት በኋላ ነው።

ሰኞ አዲስ አበባ ስገባ ጭንቀቱ ጀመረኝ። እኔ ያደግኩት «ሳንባ ነው» እየተባለ ሰው በሚቀበርበት ጊዜ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ በሰፈራችን የልቅሶ ድንኳን ስንቴ ተተክሎ ስንቴ እንደተነቀለ አልቆጠርኩም። ሕክምናው ስንት መንገድ ተጉዟል። የኔ ፍርሃት ግን እዚያው ድንኳን ሥር ቁጭ ብሎ ቀርቷል። ሌሊቱን ሙሉ ስልኬን ስጎረጉር አደርኩ። ጉሮሮዬን በመስታወት አየሁ። አንገቴ ሥር እብጠት ፈለግኩ፤ ስነካካው ስለዋልኩ አበጠ። እናቴ ጉርሻ ስትዘረጋልኝ ፊቴን አዞርኩ። ኤችአይቪ በጉርሻ እንደማይተላለፍ ጠፍቶኝ ነው? የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ እኮ!

ማክሰኞ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱ። ጥቂት ቆይቶ ላቦራቶሪ ያለው ልጅ «ነጻ ነህ ወንድሜ፣ ሂድና ተኛ» አለኝ። መቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ተኛሁ። ለአንድ ሌሊት ብቻ።

ሽሮ ሜዳ የደረስኩት አርብ ነው። ሲስተር መጀመሪያ የጠየቁኝ ቀንና ሰዓት ነበር። ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና «ማክሰኞ የት ነበርክ?» አሉኝ።

«ክሊኒክ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አስረዱኝ። ሰው ለቫይረሱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሲገመት የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። ሐኪም አይቶ ነው የሚወስነው። ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። እኔ ክሊኒክ ስገባ ገና 48 ሰዓት አልሞላኝም ነበር፤ አርብ ግን 72ቱ አልፏል። የማክሰኞው «ነጻ ነህ»ም ስለ እሁድ ማታ የሚናገረው ነገር አልነበረም፤ ቫይረሱ ቢገባ እንኳ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ይህን ጽሁፍ በሦስተኛው ቀን ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቀሪውን በኋላ ታነቡታላችሁ።

ሲስተር ግን አልተቆጡኝም። ጣቴን ወግተው አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ። «ይሄ ከእሁድ በፊት የነበርክበትን ነው የሚነግረን» አሉ። ከአንድ ፎርም ጀርባ ወረቀት ቀደው ሁለት ቀን ጻፉልኝ፤ የመጋቢት መጀመሪያ፣ ማለትም ስድስት ሳምንት፣ እና ሚያዝያ፣ ሦስት ወር። «በመሀሉ በየክሊኒኩ እየዞርክ ጣትህን እንዳታስወጋ። ገንዘብህን ነው የምትጨርሰው።» የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም አዘዙልኝ። እኔ እነሱን ከነጭራሹ ረስቻቸው ነበር።

አንድም ቀን «አይዞህ፣ ምንም የለብህም» አላሉኝም። ያንን የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እሳቸው የሚሉት የሚያውቁትን ብቻ ነው። ልጅቷ ቫይረሱ ቢኖርባትና መድኃኒት ባትወስድ እንኳ፣ ለወንድ በአንድ ግንኙነት የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 4 ገደማ እንደሆነ ነገሩኝ። ፊቴ ሲፈታ አይተው ወዲያው «ይህን ቁጥር ይዘህ ግን ሳትመረመር እንዳትቀር» አሉ። ቀጥለው «ቢገኝብህስ?» አሉኝ።

«እሞታለሁ» አልኩ።

«አትሞትም። ያቺን ከኮሪደሩ ማዶ ያለችውን በር ታያታለህ? እዚያ ገብተህ በቀን አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ትጀምራለህ። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደና መድኃኒቱን ካላቋረጥክ በግንኙነት ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። ታገባለህ፣ ትወልዳለህ።»

ያቺን በር ለስድስት ቀን በሕልሜ ስሸሻት ነው የከረምኩት። ሰዎች እየገቡ እየወጡ ነበር። አንዷ ልጅ አዝላ ስልክ እያወራች ትስቃለች።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ልጅቷስ? ደውለህላታል?»

አልደወልኩም። ስለሷ ያሰብኩት ሁሉ «ይኖርባት ይሆን?» የሚል ብቻ ነበር። ሲስተርም «ለሷ እኮ የማትታወቀው አንተ ነህ» አሉኝ።

ማታ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ያን ጊዜ ሰኞ ብቻዋን ፋርማሲ ሄዳ ፖስትፒል ወስዳ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በኔ ምክንያት። ጉሮሮዋንም ስታይ ሰንብታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲያ እሷ ሐዋሳ፣ እኔ ሽሮ ሜዳ፣ በተመሳሳይ ቀን ተመረመርን።

ጭንቀቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። ለዚያም ሲስተር መላ ነበራቸው። ጉሮሮዬን ማየት የምችለው ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። ስልክ መጎርጎር ክልክል። በመጀመሪያው ሳምንት አልቻልኩም። በሦስተኛው ሳምንት 2 ሰዓት ማለፉን ልብ ያላልኩበት ቀን መጣ።

መጋቢት ላይ ነጻ። «ጥሩ ነው፣ ግን አላለቀም» አሉ። ሚያዝያ ላይም ነጻ። «አሁን አለቀ» አሉኝ። ልጅቷም ደህና ናት። እኔ ግን ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ። «አንዴ ብቻ ልመርመር» ብዬ።

«አልመረምርህም» አሉ። «አሁን ያመመህ ሌላ ነው። ካልለቀቀህ ለጭንቀቱ የሚያክምህ ሐኪም ጋ እጽፍልሃለሁ። ጣትህን ግን አልወጋም።» ሻይ አስመጡልኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቢሆንም እስክጨርስ ጠበቁኝ።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኪሎ ቡና ይዤ ብመጣ አልቀበልም ስላሉ በጽሁፍ አመሰግናለሁ። እውነተኛ ስሜን የነገርኳቸው በመጨረሻው ቀን ነው። «ካርድህ ላይ አቤል ነው ያለው፣ እኔ አቤልን ነው የማውቀው» አሉኝ። ለፋሲካ ስደውልላቸውም «እንዴት ነህ አቤል?» ነው ያሉኝ።