ጋርድሬል፣ ኮንክሪት ወይስ የብረት ገመድ?

የመንገድ ዳር መከላከያ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ቦታው ሂዱና ከጀርባው ምን እንዳለ እዩ። ገደል ነው? የድልድይ ምሰሶ? ወይስ ባዶ ሜዳ? ምርጫው የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ኮንክሪት ከመሬት ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ሲመታ ከቦታው አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። ለድልድይና ለጠባብ የመንገድ አካፋይ እሱ ይሻላል። ጥገናውም ትንሽ ነው። ችግሩ የግጭቱን ኃይል አይውጥም፤ የሚቀበለው መኪናውና ውስጡ ያለው ሰው ነው። ኒው ጀርሲ የሚባለው ቅርጽ ደግሞ ከታች ስለሚያዘነብል የትንሽ መኪና ጎማ ሊወጣበት ይችላል፣ መገልበጥም ያመጣል። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ተዳፋት ያለውን ጠይቁ።

ጋርድሬል፣ ማለትም በምሰሶዎች ላይ የሚታሰረው አግዳሚ የብረት መከላከያ፣ ይታጠፋል፣ በመታጠፉም ኃይሉን ይቀንሳል። ለዚህ ግን ቦታ ያስፈልገዋል። በአውሮፓው ኢኤን 1317 መስፈርት ይህ ስፋት ከመከላከያው ፊት ተለክቶ በደረጃ ይጻፋል፤ ደብልዩ3 እስከ 1 ሜትር፣ ደብልዩ5 እስከ 1.7 ሜትር ነው። ገደሉ 1 ሜትር ላይ ከሆነ ደብልዩ5 አትግዙ። መኪናው ገደሉ አፍ ላይ ይደርሳል።

የተፈተነበትን መኪናም እዩ። ኤን2 የሚባለው ደረጃ የሚፈተነው 1,500 ኪሎ በሚመዝን መኪና፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ነው። ኤች2 ግን 13,000 ኪሎ የሚመዝን አውቶቡስ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይገጨዋል። ሁለቱም የሚገጩት በ20 ዲግሪ ማዕዘን ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ባለ፣ አውቶቡስና ከባድ መኪና በሚበዛበት ቁልቁለት ኤን2 ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

የአሜሪካው ማሽ መስፈርት ጠበቅ ያለ ማዕዘን አለው። ሦስተኛ ደረጃው ላይ 2,270 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በ25 ዲግሪ ይገጫል። የሁለቱን መስፈርት ደረጃዎች እኩል ናቸው የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

በምሰሶዎች ላይ የሚወጠረው የብረት ገመድ ለተሳፋሪ ለስላሳ ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሊሳብ ስለሚችል ሰፊ የመንገድ አካፋይ ይፈልጋል። አንዴ ሲመታ ምሰሶዎቹ ይወድቃሉና ቶሎ የሚጠግን ቡድን ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

ጋርድሬል ከመረጣችሁ ጫፉን አደራ። ተቆርጦ እንዲሁ የቀረ ጫፍ እንደ ጦር መኪና ውስጥ ይገባል። ለብቻው የተፈተነ ጫፍ ውሉ ውስጥ ይግባ። የምሰሶዎቹ ርቀት፣ ከፍታቸውና የሚቀበሩበት ጥልቀትም ፈተናው ላይ እንደነበረው ይሁን። ተቋራጩ ብረት ለመቆጠብ ምሰሶዎቹን ካራራቃቸው፣ የያዛችሁት የፈተና ወረቀት መንገዱ ላይ ስለቆመው መከላከያ የሚናገረው ነገር የለም።