«ለሁሉም ሳይክል ይሆናል» የሚባለውን ፓራፋንጎ ለኮርሳ እንዳትገዙ

ክረምት ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ላይ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ተገጥሞ ጭቃ የሚከላከለው) ፈላጊው ይበዛል። «ለሁሉም ሳይክል ይሆናል፣ መግጠሙም በኛ» እየተባለ የሚቀርብ ሰፊ ጥቁር የፕላስቲክ ጥንድ አለ። ኮርሳ፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለውን የእሽቅድምድም ሳይክል፣ የምትነዱ ይቅርባችሁ።

ዕቃው የተሠራው ለ26 ኢንች የተራራ ሳይክል ነው፤ ስፋቱ ከ55 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አታላዩ ነገር፣ ጎማ ላይ ሲያስጠጉት ክቡ ከኮርሳው ጋር ብዙም አይራራቅም፤ ስለዚህ ልክ ይመስላል። የማይገባው በስፋቱ ነው። በፊት ሹካው እግሮችና በፍሬኑ ክንዶች መሃል 60 ሚሊ የሚያሳልፍ ቦታ የለም። ገጣሚው ታዲያ ጎንና ጎኑን በቢላ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ የሚሰነጠቀው እዚያው የተቆረጠበት፣ ፍሬኑ ሥር ነው።

የሚሆናችሁን ስፋት ለማወቅ ጎማው ጎን ላይ ከ700 ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር እዩና 10 ሚሊ ጨምሩ። ለ25 ጎማ 35 ይበቃል። ቀጥሎ ተራ እርሳስ አምጡ፤ ውፍረቱ 7 ሚሊ ያህል ነው። በጎማውና በፍሬኑ ሆድ መሃል ካላለፈ ሙሉ ፓራፋንጎ አይገባም፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ከሁሉ የከፋው አስተሳሰሩ ነው። ሹካው ታች ላይ የብሎን ቀዳዳ ከሌለው ፓራፋንጎውን ከሹካው ጋር የሚያያይዙትን ደጋፊ ዘንጎች በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፍረው ይሰጧችኋል። ማሰሪያው በንዝረት ይንሸራተታል፤ ፓራፋንጎው ተጎትቶ ጎማው ውስጥ ይገባል፤ የፊት ጎማ ድርቅ ሲል ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ ይህ ቢደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት። ደህናዎቹ የፊት ዘንጎች እንጨት ሲገባባቸው በራሳቸው የሚላቀቁበት የፕላስቲክ መያዣ አላቸው። ያ ከሌለ የፊቱን አትግጠሙ።

ቀዳዳ ካለ ደግሞ 5 ሚሊ ብሎን፣ ሮንዴላና ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ጠይቁ። በሰንሰለቱ በኩል ያለው የኋላ ብሎን እንዳይረዝም፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ከወጣ በትንሹ ፒኞን (የኋላ ጥርስ) ላይ ያለውን ሰንሰለት ይነካል።

አንድ ነገር ግን ልክ የተገጠመውም ቢሆን አያመልጠውም፦ ዋልካ። አስፋልት ላይ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ከ4 እስከ 5 ሚሊ ክፍተት ይበቃል። ሐምሌ ላይ ጥቁር አፈር ውስጥ ከገባችሁ ግን ጭቃው ክፍተቱን ሞልቶ ጎማውን ያቆመዋል፤ በጣት እየጎረጎሩ መሄድ ነው። ከገጠር መንገድ ለምትመላለሱ ከኮርቻው ምሰሶ ላይ የሚታሰረው ይሻላችኋል። እግር አያድንም፣ ጀርባን ግን ያድናል።

ከመክፈላችሁ በፊት ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ አንዱን ፔዳል ወደ ፊት አድርጋችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ። የጫማችሁ ጫፍ ፓራፋንጎውን ከነካ በዝግታ ስትታጠፉ ይጥላችኋል። ከዚያ ሳይክሉን አንድ ስንዝር አንስታችሁ መሬት ላይ ልቀቁት፤ ከተንኳኳ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፣ ገንዘቡም እስከዚያ ኪሳችሁ ይቆይ።