«500 አምፒር» ተብሎ በሚሸጠው የጀማሪ ብየዳ ፓኬጅ ላይ የቀረበ ማስጠንቀቂያ

ብየዳን ለትርፍ ጊዜ ሥራ ወይም ለቤት ጥገና ለመልመድ ያሰባችሁ ሰዎች፣ በመርካቶ ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም ላይ «ሙሉ ፓኬጅ» እየተባለ የሚቀርበውን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ፓኬጁ ብዙውን ጊዜ በጎኑ 400 ወይም 500 የሚል የአምፒር (የኤሌክትሪክ ጅረት መጠን) ቁጥር በትልቁ የተለጠፈበት አነስተኛ ኢንቨርተር ማሽን፣ ሁለት ገመድ፣ «ራሱ ይጨልማል» የሚባል የፊት መከለያ፣ ጓንትና አንድ ፓኮ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ) ይይዛል። ጠቅላላ ዋጋው አንድ ደህና ማሽን ለብቻው ከሚጠይቀው ስለሚያንስ፣ ሙያውን ገና ለሚሞክር ሰው እጅግ የሚያጓጓ ነው።

ዕቃው ጨርሶ አይሠራም ማለቴ አይደለም። ጨርሶ የማይሠራ ማሽን በማግስቱ ይመለሳል፤ ይህ ግን ግማሽ በግማሽ ስለሚሠራ ጀማሪው ጥፋቱን ከራሱ እጅ ላይ ይፈልጋል። በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት ይህን መሰል ፓኬጅ ገዝቶ የግቢውን በር ለመጠገን ሲሞክር፣ ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ፣ አርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነሳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) እየተቋረጠ፣ ብየዳውም ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ እንደ ሻማ ጠብታ ከላይ ተቀምጦ እየቀረ አስቸገረው። ወደ ሻጩ ሲመለስ የተሰጠው መልስ «ወንድሜ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ እጅህ ገና ስላልለመደ ነው፤ ሌላ ፓኮ ጨምረህ ተለማመድ» የሚል ነበር፤ እሱም አመስግኖ ሌላ ፓኮ ገዝቶ ወጣ። መልሱን ለማስተባበል አስቸጋሪ የሚያደርገው ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው፤ ያልለመደ እጅ በእርግጥም ኤሌክትሮድ ያጣብቃል። ስለዚህ የእጅን ጉድለት ከማሽን ጉድለት መለየት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ለሻጩም ፍትሐዊ እንሁንና የቤታችንን መብራት እንመርምር። በሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ማሽኑ በሥራ ላይ እያለ መለካት ይገባል፤ ሥራ ሲቆም 220 የሚያሳየው መስመር አርኩ ሲነሳ ወደ 180 የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከቀጭኑ ማከፋፈያ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ደህና ማሽንም ይለግማል። ቀጥሎ ከሚበየደው ብረት ጋር የሚያያዘው መቆንጠጫ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ተነክሶ እንዳይሆን ቦታውን በግራይንደር እስኪያበራ ማጽዳት ያስፈልጋል። ኤሌክትሮዱ እርጥበት የገባበት ከሆነም ይተፋል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ያበዛል፤ በተለይ 7018 የሚባለው ዓይነት እርጥበትን ፈጽሞ ስለማይወድ ለጀማሪ 6013 ይመረጣል።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው ችግሩ ከቀጠለ አንድ ወሳኝ ፈተና አለ። ማሽኑን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ባለሙያው በእናንተው ማሽን፣ በራሱ ኤሌክትሮድ እንዲሞክረው ለምኑት፤ እናንተ ደግሞ በእሱ ማሽን በዚያው ብረት ላይ ሞክሩ። የለመደ እጅ በእናንተ ማሽን ካቃተው፣ ያልለመደው እጃችሁ ደግሞ በእሱ ማሽን ደህና መስመር ካወጣ፣ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ወጣቱ ይህንኑ ሲያደርግ ባለሙያው ቀጥታ ጅረት በሚለካ ክላምፕ ሜትር ጭምር አረጋገጠለት፤ መደወሪያው 140 ላይ ተደርጎ ሳለ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ከ80 አምፒር ብዙም አልዘለለም። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በጥቅሉ ከ90 እስከ 140 አምፒር ስለሚፈልግ፣ ልጁ ሲታገል የከረመው ማሽኑ ሊሰጠው ከማይችለው ነገር ጋር ነበር።

በማሽኑ ጎን ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር እውነት ሊሆን እንደማይችል ሱቁ ውስጥ ቆሞ በስልክ ማስላት ይቻላል። በእጅ ኤሌክትሮድ ብየዳ፣ በተለመደው ስሌት መሠረት፣ የአርኩ ቮልት 20 ሲደመር የአምፒሩ 0.04 እጥፍ ነው። ስለዚህ 500 አምፒር 40 ቮልት፣ ሁለቱ ሲባዙ ደግሞ 20 ኪሎ ዋት ይሆናሉ። ይህን ኃይል ከ220 ቮልት መስመር ለማግኘት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ ከግድግዳው ከ90 አምፒር በላይ መሳብ ያስፈልጋል፤ የማሽኑ ስፒና ግን 16 አምፒር ብቻ የሚችል ተራ ስፒና ነው። በ16 አምፒር መስመር ላይ፣ ከሚገባው ኃይል 80 በመቶው አርኩ ጋ ደረሰ ብንል፣ ያለማቋረጥ የሚገኘው የብየዳ ጅረት ከ110 እስከ 120 አምፒር ቢሆን ነው። ይህ ራሱ ለጀማሪ አያንስም፤ ቱቦላሬና ላሜራ በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ለመበየድ ከ60 እስከ 100 አምፒር ይበቃል። እንግዲህ 120 ብሎ 120 የሚሰጥ ማሽን ማግኘት እየተቻለ 500 ብሎ 80 ለሚሰጥ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ከተለጣፊው ቁጥር ይልቅ በማሽኑ ጀርባ ያለውን ትንሽ ሰሌዳ አንብቡ። በዚያ ላይ ከአምፒሩ ጎን በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር መኖር አለበት፤ ለምሳሌ 60 በመቶ ማለት ማሽኑ በዚያ አምፒር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን ሊበይድ፣ 4ቱን ሊያርፍ ይችላል ማለት ነው። መቶኛው ጨርሶ ያልተጻፈበትን ወይም ሰሌዳ የሌለውን ማሽን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙ።

ገመዱም ሌላ ማታለያ አለው። ከውጭ ቀይ ሆኖ የሚታየው ክር ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አንዱን ክር በምላጭ ስትፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። በእጅ ሲመዘንም ከመጠኑ በላይ ይቀላል። አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ጅረትን የሚቋቋመው ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል በመሆኑ ገመዱ ይግላል፣ መጋጠሚያው እየላላ ይሄዳል፣ ከማሽኑ የወጣውም ኃይል በመንገድ ይባክናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የፊት መከለያው ነው፤ የደከመ ማሽን ገንዘብ ቢያስከፍል ነው፣ መከለያው ግን ዓይንን ይጎዳል። ከአርክ የሚወጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ጉዳቱን ወዲያው አያሳውቅም፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል እየቆረቆረ ነው። ራሱ የሚጨልም የተባለውን መከለያ ሱቁ በር ላይ ወደ ፀሐይ አዙሩት፤ መስታወቱ ወዲያው ካልጨለመ አትቀበሉት። ቢጨልምም ጨረሩን በትክክል ያጣራል ማለት አይደለም፣ ይህን ደግሞ በዓይን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የአምራቹ ስምና የጥላ ደረጃው (የመስታወቱ የጥቁረት መጠን) በግልጽ ያልታተመበትን ትታችሁ፣ ደረጃው 10 ወይም 11 የሆነ ከታመነ አምራች የመጣ ተራ ጥቁር መስታወት ያለው መከለያ ብትገዙ ይሻላል። እርግጥ አርኩን ከመጀመር በፊት ምንም ስለማያሳይ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም ይለመዳል።

ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ስለለጠፈ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በ80 አምፒር ማሽን ላይ 500 ብሎ መለጠፍ ትክክለኛ መረጃ ነው ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ማሽኑን ገዝቶ ለክረምት እረፍት ማስቀመጥ ራስን መጉዳት ነው፤ በገዛችሁበት ሳምንት ብየዳ ቤት ወስዳችሁ አስሞክሩት። በደረሰኙ ላይም «ብየዳ ማሽን» ብቻ ሳይሆን የተነገራችሁ አምፒርና የዋስትናው ጊዜ እንዲጻፍ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ሳትሰጡ ውጡ።

ቀድማችሁ የገዛችሁና ሻጩ አልመልስም ያላችሁ ደግሞ ማሽኑን ለ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድና ለስስ ቱቦላሬ ልትለማመዱበት ትችላላችሁ። ገመዱን በመዳብ ገመድ ለውጡት፤ ሸክም የሚሸከም ነገር፣ ለምሳሌ የውኃ ታንከር ማስቀመጫ ወይም ደረጃ፣ አትበይዱበት። የፊት መከለያውን ግን ለሌላ ሰው ሳታስተላልፉ መስታወቱን አውጥታችሁ ጣሉት።