ስፓይናል ላይ የቱን እንጨምር? ሚዳዞላም ወይስ ዴክስሜዴቶሚዲን

ሰሞኑን የሚደውልልኝ የሙያ ጓደኛ ሁሉ ስለ ስፓይናል፣ ማለትም በወገብ በኩል ህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ስለሚወጋው ማደንዘዣ፣ ጥያቄው አንድ ነው። "ማደንዘዣው ቡፒቫኬይን ብቻውን ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ ይለቃል፤ ታካሚው ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ከማረጋጊያዎቹ የቱን ገዝተን እንጨምርበት?" መልሴን አልደብቅም፤ ዴክስሜዴቶሚዲን።

ከዋጋው ልጀምር፤ ጭቅጭቁ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ሚዳዞላም ርካሽ ነው። ዴክስሜዴቶሚዲን በጣም ይወደዳል። የተለመደው ብልቃጥ 200 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ስፓይናል ላይ የሚጨመረው ግን 5 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ይህን ያየ ሰው ቶሎ ያሰላል፦ "ለ40 ሰው ይበቃል፤ ታዲያ ምኑ ተወደደ?" እባካችሁ ይህን ሒሳብ ተዉት። ብልቃጡ የአንድ ታካሚ ነው። ደጋግሞ የተወጋ ብልቃጥ ጀርም ይገባበታል፤ ያ ጀርም ደግሞ በመርፌያችን በቀጥታ ህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ይገባል። ስለዚህ በጀት ስትይዙ የብልቃጡን ሙሉ ዋጋ በአንድ ሰው ላይ አስቡት። እኔ እንዲያ አስቤውም አዋጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሌሊት የሚታዘዘው ማስታገሻ ይቀንሳል፤ ነርሷም በየሰዓቱ አትጠራም።

ርካሹን ሞክሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ዋጋው አማልሎን ሚዳዞላም በካርቶን ገዛን። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ልቀዳ ስል አብራኝ የምትሠራው ነርስ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችውና "ዶክተር፣ ይቺን ጽሑፍ አይተዋታል?" አለችኝ። በደቃቅ ፊደል "ቤንዚል አልኮል" ይላል። መድኃኒቱ እንዳይበላሽ የሚጨመር ፕሪዘርቫቲቭ ነው፤ በደም ሥር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ነርቭን ግን ይጎዳል። ካርቶኑ በሙሉ ለስፓይናል የማይሆን ሆነ። ሲስተር ባታየው ኖሮ የሚሆነውን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም መድኃኒት ሳዝዝ "ፕሪዘርቫቲቭ የሌለበት" ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ሲደርስም ራሴ አነበዋለሁ።

ሚዳዞላምን ግን አላጣጥለውም። ከፕሪዘርቫቲቭ ነጻ ከሆነ 1 ወይም 2 ሚሊግራሙ የሕመም ማስታገሻውን ጊዜ ያራዝማል፣ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል። ሆኖም የሚጨምረው ጊዜ ዴክስሜዴቶሚዲን ከሚጨምረው ያንሳል። ነርቭን ይጎዳ እንደሆነ በእንስሳት ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ያገኙት ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በነገራችን ላይ ከሁለቱም ጋር የሚመጣው የአምራቹ መግለጫ በስፓይናል እንዲሰጡ አይፈቅድም፤ ክፍላችሁ ሳይስማማበት፣ ታካሚውም ሳያውቅ አትጀምሩት።

ዴክስሜዴቶሚዲን የራሱ ጣጣ አለው። የልብ ምትን ያዘገያል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ብዙ ደም የፈሰሰው፣ ምቱ ከመጀመሪያውም ዝግ ያለ ወይም የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ያለበት ሰው ላይ አልነካውም። የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያነሡትን አትሮፒንና ኤፌድሪን ሳላዘጋጅም አልወጋም። እግርም ቶሎ አይፈታም። በዕለቱ በእግሩ ሄዶ ቤቱ የሚገባ ታካሚ ከሆነ ይህ ራሱ ችግር ነው፤ ለእሱ ፈንታኒል የተባለው ማስታገሻ ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም ይሻለዋል፣ ትንሽ ቢያሳክከውም። ሞርፊን ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ያስታግሳል፤ ግን ዘግይቶ ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

አቀዳዱ ላይ ተጠንቀቁ። በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ካለው ብልቃጥ 5 ማይክሮግራም ማለት 0.05 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዲት ጠብታ። በዓይን ገምቶ የሚቀዳ ሰው በቀላሉ እጥፍ ይሰጣል። እኔ 1 ሚሊ ሊትሩን ከ9 ሚሊ ሊትር ሴላይን (የጨው ውኃ) ጋር እቀላቅልና ግማሽ ሚሊ ሊትር እወስዳለሁ፤ ያው 5 ማይክሮግራም ነው። ሲሪንጁ ላይ ወዲያው ስሙን እጽፍበታለሁ፤ የቀረውን እደፋለሁ። ሴላይኑንም ገልብጣችሁ አንብቡት፤ ለብዙ ጊዜ መቅጃ ተብሎ በብልቃጥ የሚሸጠው ውስጥ ያው ቤንዚል አልኮል ይኖርበታል።