ለሞተር ሳይክል ሞተር የትኛው ማሸጊያ ይሻላል? ሲሊኮን፣ ከፊል ደራቂና አየር ሲያጣ የሚጠነክር ማሸጊያ በንጽጽር

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ የወረደ ሞተር ሲገጠም ዘይት እንዳያፈስ በብረት ክፍሎቹ መገናኛ ላይ ለመቀባት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ማሸጊያ ቀይ ሲሊኮን ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ በየመለዋወጫ ሱቁ ይገኛል፣ ደንበኛውም ያውቀዋል። ሆኖም ቦክሰር፣ አፓቼ ወይም ቻይና ሠራሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ለሚያድስ ሰው ሌሎች ሁለት ዓይነት ማሸጊያዎች አሉ፤ ሦስቱም በአደራረቃቸው፣ በሚሞሉት ክፍተትና ሲበዙ በሚያስከትሉት ጉዳት ስለሚለያዩ አንዱ በሌላው ቦታ ሁልጊዜ አይሠራም።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር ላይ እርጥበት እየወሰደ ነው። ላዩ በሩብ ሰዓት ገደማ ቆዳ ያወጣል፤ ውስጡ ግን ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ በተለመደው ሙቀትና እርጥበት 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ብርዳም በሚሆንበት የበጋ ወቅት፣ በተለይ ከእንጦጦ ጀርባ ባሉት አካባቢዎች፣ ይህ ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ጠዋት ተገጥሞ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ጭኖ መውጣት ላለበት ሞተር አይመችም። ጥንካሬው ክፍተት መሙላቱ ነው፤ የተጫረ፣ ጠርዙ የተበላ ወይም በጥቂቱ የተጣመመ ክዳን ላይ ሌሎቹ የማይችሉትን ይችላል። ቤንዚን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋልም፤ በመሆኑም ካርቡሬተር አካባቢ ሊገባ አይገባም። እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ አንዳንድ ብረቶችን ሊበላ ይችላል፤ ለአልሙኒየም ክዳን ይህ ሽታ የሌለውን፣ ብዙውን ጊዜ ግራጫ የሆነውን መምረጥ ይበጃል።

የሲሊኮን ዋናው አደጋ ሲበዛ የሚመጣው ነው። ክዳኑ ሲጠብቅ ወደ ውጭ የተጨመቀው ለዓይን ይታያል፤ ወደ ውስጥ የገባውን ግን የሚያየው የለም። የውስጡ ትርፍ ደርቆ በትኩስ ዘይት ሲመታ ይበጠስና ዘይት ፖምፓው በሚስብበት ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ አለዚያም ወደ ቴስታታ (ከሲሊንደሩ በላይ ወደሚቀመጠው የሞተር ራስ) የሚወጣውን ቀጭን የዘይት መንገድ ይደፍናል። ያን ጊዜ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለ ዘይት ይሽከረከራል። በሞተሩ ሥር በቀን ጥቂት ጠብታ ዘይት ማየት ከዚህ ኪሳራ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ከፊል ደራቂው ነው፤ ሆንዳቦንድ 4 እና ያማቦንድ 4 በሚሉ ስሞች የሚሸጡት የዚህ ወገን ናቸው። በቀጭኑ ይቀባል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅና ጣት ላይ መያዝ ሲጀምር ይገጠማል። ያለ ወረቀት ጋስኬት (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ስስ ወረቀት) ብረት ከብረት ለሚገናኙ የካርተር (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ግማሾች በእጅጉ ይስማማል፤ ሞተሩ ዳግም ሲወርድም ያለ ብዙ ትግል ይለቃል። ድክመቱ በእኛ ሁኔታ ጎልቶ ይታያል፦ የተቀባው ፊት እየጠበቀ ባለበት ደቂቃ አንድ ሲኖትራክ በኮረኮንቹ ላይ ካለፈ አቧራው ሁሉ እዚያ ይለጠፋል። ደጅ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ሥራ ወደ ውስጥ ማስገባት ወይም የተቀባውን ፊት በንጹሕ ካርቶን መከለል አለበት።

ሦስተኛው እንደ ሎክታይት 518 ያለው፣ አየር ሲያጣ በብረት መካከል የሚጠነክረው ማሸጊያ ነው። ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ስለማይጠነክር በዘይት ታጥቦ ይሄዳል፤ በዚህ ረገድ ከሦስቱ የተሻለው እርሱ ነው። የሚሞላው ክፍተት ግን 0.25 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በካቻቢቴ ተፈልቅቆ ጠርዙ የጎደለ ካርተር ላይ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ከወረቀት ጋስኬት ጋር አይሠራም፣ ብርድም ያዘገየዋል፣ ዋጋውም ይከብዳል።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣው በወረቀት ጋስኬት ከሆነ፣ ጋስኬቱ ስላልተገኘ ብቻ በማሸጊያ መተካት ትክክል አይደለም። የካርተሩ ወረቀት ውፍረት በካምቢዮ ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለውን ነጻ ቦታ ይወስናል፤ ወረቀቱ ሲቀር ዘንጎቹ ይጨናነቃሉ፣ ማርሽ መግባት ይከብደዋል። ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ሲቀር ደግሞ ሲሊንደሩ ዝቅ ብሎ የመጭመቅ መጠኑ ይለወጣል። ወረቀቱ በመሠረቱ ደረቁን ይገባል፤ ፊቱ ከተጫረ ብቻ ከፊል ደራቂውን እጅግ በቀጭኑ መቀባት ይበቃል። በሲሊንደሩና በቴስታታው መካከል ባለው ጋስኬት ላይ ግን አምራቹ ካላዘዘ በቀር ምንም አይቀባም።

አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ከፊል ደራቂው ነው። ትንሽ ግራጫ ሲሊኮን ለቴስታታ ክዳን ጎማ ማዕዘኖችና ለተጎዱ ክዳኖች መጨመር ይቻላል። አየር ሲያጣ የሚጠነክረው የሚያዋጣው ፊታቸው ያልተነካ ሞተሮችን አዘውትሮ ለሚገጥም ጋራዥ ነው።

አቀባቡን በሚመለከት፣ የድሮው ማሸጊያ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይነሳ እንጂ በብረት አይፋቅ። ብርጭቆ ወረቀትም ብናኙ ኩሽኔታ ውስጥ ስለሚገባ አይመከርም። ፊቱ በአሴቶን ይጠረግ፤ ናፍጣ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ሲሊኮን ከሆነ ከ2 ሚሊሜትር ያልበለጠ ያልተቋረጠ መስመር በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጠኛ ጎን ይሰመር፣ ቆዳ ሳያወጣም ይገጠም። የዘይት ቀዳዳና ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ዙሪያ ባዶ ይተው። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ተራ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠበቁ፤ ለተለመደው 6 ሚሊሜትር የክዳን ብሎን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መጎተት የአልሙኒየሙን ጥርስ ይበላል።

ሱቅ ላይ የሲሊኮን ቱቦ ሲገዛ በመጀመሪያ የአገልግሎት ዘመኑ ይታይ፤ ሲጫኑት ጓል የሚሰማ ከሆነ መድረቅ ጀምሯል። አየር ሲያጣ የሚጠነክረው ማሸጊያ ግን ጠርሙሱ ሙሉ ስላልሆነ ተቀንሶበታል ተብሎ አይመለስ፤ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው አየር ስላለው ነውና ፋብሪካው ሆን ብሎ ቦታ ይተውለታል።